ከሸምበቆው ግርዶ ወዲያ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሲምቦ በጠራራ ፀሐይ አልጋ ላይ አጋደመችኝ። አሞኝ አይደለም። እዚሁ ነቀምቴ፣ ከቡርቃ ጃቶው ቤታችን ብዙም ሳይርቅ በተከፈተ ኮሌጅ፣ ራሳቸውን መርዳት ያቃታቸውን ትልልቅ ሰዎች የመደገፍ ሙያ ትማራለች። ሰኞ የተግባር ፈተና አለባት፤ መለማመጃ የሚሆናት አቅመ ደካማ ብትፈልግ ከቤቱ ውስጥ ያገኘችው እኔን ነው። ጉልበቴ መክዳቱን አልክድም፤ ደካማ መባሉን ግን ገና አልለመድኩትም። ቢሆንም ለልጅ ልጅ የማይሆኑት ነገር የለምና ነጠላዬን አጣጥፌ ተጋደምኩላት።

“አኮ፣ እንግዲህ ግራ ጎንሽ አይሠራም። እንዳትረሺ፣” አለችኝ። የልጅ ልጆቼ ሁሉ አያት ለማለት አኮ ነው የሚሉኝ።

“አልረሳም። ቀኙስ?”

“ቀኙ ደህና ነው። ደግሞ አታስቂኝ።”

ወረቀቷን አየት አደረገችና ድምጿን ለውጣ፣ እንደማታውቀኝ ሰው በአክብሮት ጀመረች። “እማማ፣ ልብስዎን ልቀይርልዎት ነው። ልንካዎት? ይፈቅዱልኛል?”

ሳቄ አመለጠኝ። “ምን ያስጠይቃል? ንኪኝ እንጂ!”

“አይሆንም አኮ! ሳይጠይቁ መንካት ነጥብ ያስቆርጣል። የትምህርቱ መጀመሪያ እኮ እሱ ነው። ሰውየው አይሆንም ካለ መተው ነው።”

እኔም እኮ ይህንኑ ሙያ ተምሬአለሁ፤ በጃንሆይ ጊዜ፣ የሲምቦ እናት ሳትወለድ። የምስክር ወረቀቴ ዛሬም ሳጥኔ ውስጥ አለ። የእኛ ትምህርት ግን ከጥያቄ አይጀምርም ነበር፤ ከሙቅ ውሃ ነበር የሚጀምረው። ውሃው በክርን ይለካል፤ ጨርቁ ጠብ እስከማይል ይጨመቃል፤ ከፊት ተነስቶ ወደ እግር ይወረዳል። ጨርቁን እንዴት እንደምንይዝ ስንት ጊዜ ተነግሮናል፤ ስለ መጠየቅ የነገረን ሰው ግን አልነበረም። ሲምቦ ክንዴን ይዛ ስታገላብጠኝ እኔ ሌላ ገላ፣ ሌላ ክንድ ነበር የማስበው።

አባቴ ከመንዝ የመጡ የስልክ ሠራተኛ ነበሩ፤ እናቴ የሲሬ ኦሮሞ ናት። ቤታችን ውስጥ ከአባቴ ጋር አማርኛ፣ ከእናቴ ጋር ኦሮምኛ እናወራለን፤ ቁጣው ግን በሁለቱም ቋንቋ ይመጣ ነበር። ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ የእኩዮቼ ምኞት ወይ አስተማሪ መሆን፣ ወይ ነጭ ካፖርት ለብሶ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር መሆን ነበር። እኔም ድሬሰርነቱን ሞከርኩ፤ ቦታው በወንዶች ሞላ ተባልኩ። በዚያው ዓመት ግን የሚሲዮኑ ሐኪም ቤት አዲስ ትምህርት ከፈተ። ከሐኪም ቤቱ ጓሮ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ሕዝቡ “ረጅሙ ቤት” የሚለው ቆርቆሮ የለበሰ አዳራሽ ነበር። ሐኪም ሊያድናቸው ያልቻለ፣ ዘመድም ሊሸከማቸው ያቃተው ሰዎች የሚያርፉበት ነው፤ ግማሽ ጎናቸው የሞተ፣ ዓይናቸው የጠፋ፣ ከዛፍ ወድቀው ወገባቸው የተሰበረ። እነዚህን ሰዎች ማጠብ፣ ማብላት፣ ቀና ማድረግ፣ ከተቻለም በእግራቸው ማቆም አንድ ዓመት እየተማሩ በምስክር ወረቀት ይመረቁበታል ተባለ።

“ለማጠብና ለማጉረስ ደግሞ ወረቀት!” አሉ አባቴ።

እናቴ ግን፣ “ሰው ማንሳት የሚያውቅ እጅ ሥራ አያጣም” ብላ ሰደደችኝ።

ያስተማሩን ከባሕር ማዶ የመጡ፣ ሁላችንም ሲስተር ብቻ የምንላቸው ረጅም ሴት ነበሩ። ኦሮምኛቸው እንደ ሕፃን አፍ ይጣፍጣል። አማርኛቸው ግን ትልቅ ትንሽ አይለይም፤ ሊጎበኙን የመጡትን አንድ ጎምቱ ሹም “አንተ እዚህ ቁጭ በል!” ብለዋቸው አዳራሹ ትንፋሹን እንደዋጠ ትዝ ይለኛል። ደግ ሰው ነበሩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የምጽፈውን ያነበበ ሁሉ በእሳቸው ላይ እንዳይፈርድ ብዬ ነው። ያኔ የሚታወቀው ያ ነበር፤ ያወቁትንም ከልባቸው ሰጡን።

የሲስተር ሥርዓት አንድ ተማሪ፣ አንድ ሰው የሚል ነበር። ጥቅምት ላይ አንድ አንድ ሰው ይሰጠናል፤ ሰኔ ላይ ያንን ሰው ይዘን በሐኪሙና በእንግዶች ፊት እንቀርባለን። ተኝቶ የመጣው ከተቀመጠ፣ ተቀምጦ የመጣው ከቆመ፣ ዝም ያለው ከተናገረ አልፈናል። ስለዚህ የእኔ ወረቀት በአንድ ሰው ምላስና እግር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ለእኔ የደረሱኝ ሰው ኦቦ ዲንቃ ይባላሉ፤ ኦቦ እንደ አማርኛው አቶ ነው፣ ለሴት ደግሞ አዴ እንላለን። ስማቸውን ስጽፍ ዛሬም እጄ ይዘገያል፤ ለምን እንደሆነ ቆይቶ ይገባችኋል። የጉቴ ሰው ናቸው፤ በፈረስ ግልቢያ ስማቸው የታወቀ፣ ሰርግም ሆነ ለቅሶ ያለ እሳቸው ፈረስ የማይደምቅ ነበሩ ይባላል። አንድ ቀን ከአውድማ ሲመለሱ ከኮርቻ ላይ እንደ ጆንያ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው ሞተ፣ አንደበታቸው ተዘጋ። ሚስታቸው ከዓመታት በፊት አርፈዋል። ታናሽ ወንድማቸው ኦቦ ተርፋና አንድ ልጃቸው ገለታ በቃሬዛ ተሸክመው ረጅሙ ቤት አስገቧቸው። ገለታ ያኔ የጉቴ ትምህርት ቤት መምህር ነበር።

ጠዋት ጠዋት አጥባቸዋለሁ። መደዳውን አሥር አልጋ ይሁን አሥራ አምስት፣ በመካከሉ ጣል የተደረገ መጋረጃ እንኳ የለም። የሚተኙበት ፍራሽ ጭድ የተሞላ ስለሆነ ትንሽ ሲንቀሳቀሱ ይንኮሻኮሻል። ልክ ጨርቁን ውሃ ውስጥ ስነክር ያ ፍራሽ ኮሽ ይላል፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ለሲስተር ብነግራቸው አልጋው ዘንድ መጥተው ወዲያና ወዲህ አዩና፣ “መስኮት ነው። ብርሃን ዓይን ይወጋዋል” አሉ። መስኮቱ ላይ ጆንያ ሰቀልኩ። በማግስቱም ፊታቸውን አዞሩ። እንግዲህ ልማድ ሆኖባቸዋል አልን።

ከገና በፊት አንድ ጠዋት፣ ደረታቸውን አጥቤ ወርጄ አንሶላውን ገለጥ ሳደርግ፣ ከዚያ ከተዘጋ አፍ ድምፅ ወጣ።

“ለኪ።”

ለኪ በኦሮምኛ አይሆንም ማለት ነው። ቃሉ ጥርት ብሎ ነው የወጣው። ጨርቁን ጥዬ፣ “ሲስተር! ተናገሩ! ተናገሩ!” እያልኩ ጮህኩ። ሲስተር እየሮጡ መጡ፤ ተማሪዎቹ መጡ። “እስቲ ድገም፣ ኦቦ ዲንቃ፣ ድገም!” አሉ ሲስተር እንባ ባቀረረ ዓይን። ኦቦ ዲንቃ አንድ ባንድ አዩንና፣ “ለኪ” አሉ። አጨበጨብን። ከወዲያ ጥግ ያሉት ዓይነ ስውሯ አዴ ጫልቱ እልል አሉ። ከዚያ ጨርቁን አንስቼ፣ ውሃው ስለቀዘቀዘ ሌላ ሙቅ አምጥቼ፣ እየሳቅኩ ማጠቤን ቀጠልኩ። ያን ቀን እቤት ስገባ ለአባቴ በኩራት ነበር የነገርኳቸው።

ከዚያ በኋላ ቃል በቃል መራመድ ጀመርን። ቢሻን አሉ፤ ውሃ። ኤዬ አሉ፤ አዎ። ከንፈሬን እያዩ ከንፈራቸውን ያሾላሉ፣ ሲያቅታቸው በግራ እጃቸው ጉልበታቸውን ይመታሉ። በአልጋው ጠርዝ ተደግፈው መቀመጥም ለመዱ። ስመግባቸው ዓይናቸው ውስጥ ፈገግታ አያለሁ፤ ሲበሉ ፊታቸውን አዙረውብኝ አያውቁም።

ገለታ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጉቴ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ይመጣል። እጅጌው ላይ ጠመኔ፣ ጫማው ላይ የመንገዱ ቀይ አቧራ አይጠፋም። በእጁ በቅቤ የታሸ አንጮቴ በሸክላ ሳህን፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይይዛል። አንጮቴ የወለጋ ሰው የተሰበረ አጥንት ይጠግናል እያለ የሚመካበት የሥር ምግብ ነው። ገለታ ገና በሩ ላይ፣ “አከም ቡልተን?” ብሎ አዳራሹን ሁሉ እንዴት አደራችሁ ይላል፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ “ተማሪዬ እንዴት ሰነበተ?” ይለኛል፤ አባቱን ነው።

“ተማሪው የእኔ ነው፤ አንተ ወላጅ ነህ፣” እለዋለሁ።

“ታዲያ ውጤቱ ለወላጅ ይነገራላ!”

አዳራሹ ይስቃል። ከአባትየው ይልቅ ለእኔ የሚመጣ ይመስል ቅዳሜን እጠብቅ ጀመር። ኦቦ ዲንቃም ይህ አልተሰወራቸውም።

የቡና አበባ ሽታ ከተማውን ባጠነበት ሰሞን አንድ ቅዳሜ፣ መኪናው ቀደም ብሎ ደረሰና ገለታ ማጠቢያው ሰዓት ላይ ከች አለ። አባቱ አንሶላው ተገልጦ፣ እኔ እጄ አረፋ ለብሶ ነበር። ገለታ በሩ ላይ ቆሞ ወደ መሬት አቀረቀረ። ኦቦ ዲንቃ ከግድግዳው ዞረው ልጃቸውን አዩት። አልብሼያቸው ሳበቃ በግራ እጃቸው ና ብለው ጠሩት። ያንኑ እጃቸውን ዘርግተው የነጠላዬን ጫፍ ያዙ፤ ሳቡትና ልጃቸው መዳፍ ውስጥ አስቀመጡት። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉለት።

አዳራሹ ሁሉ ገባው። አዴ ጫልቱ ምን እንደሆነ ጠይቀው ሲነገራቸው እልልታውን አቀለጡት። ያልገባቸው ሲስተር ብቻ ነበሩ፤ “በጣም ጥሩ! ጣት ሠራ!” ብለው አጨበጨቡ።

ሳምንት ሳይሞላ ኦቦ ተርፋ ሽማግሌ ይዘው ከአባቴ ደጅ ቆሙ። አባቴ ኦርቶዶክስ ናቸውና “የሚሲዮን ልጅ” ብለው ትንሽ አጉረመረሙ፤ መምህር መሆኑን ሲሰሙ ለዘብ አሉ። እኔን ጠርተው ጠየቁኝ፤ ዝም አልኩ። ዝምታ እሺታ ነው በሚባልበት አገር ልጅቱ ተስማማች ተባለ፤ የእኔ ዝምታስ እውነትም እሺታ ነበር። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

በማግስቱ ማልጄ ወደ ረጅሙ ቤት ልወጣ ስል እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

“ወዴት?”

“ወደ ሥራዬ ነዋ። የሚታጠቡበት ሰዓት ደረሰ እኮ።”

“የሚታጠቡት ማን?” አለች። “እሳቸው እኮ ከእንግዲህ ሶዳሽ ናቸው፣ አማትሽ። ፊታቸው ቆመሽ ልትታዪ? ያውም ገላቸውን ልትነኪ?”

“ፈተናዬስ?”

“ፈተናሽን በሌላ ሰው ተፈተኝ። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ።”

ነገሩ ሳላውቀው ቀርቼ አልነበረም። በእነሱ ወግ የታጨች ልጅ በአማቷ ፊት አትታይም፤ ስማቸውን አትጠራም፤ እሳቸው ባሉበት አትበላም፤ መንገድ ላይ ድንገት ብታገኛቸው ፊቷን ሸፍና ከመንገዱ ትወጣለች። ጥላቻ አይደለም፣ ክብር ነው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ደስታ ውስጥ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ አላየኋቸውም ነበር። ኦቦ ዲንቃ ለልጃቸው ሲያጩኝ ያመሰገኑኝ መስሎኝ ነበር፤ ምስጋናው ከፊታቸው አስወጣኝ።

ሲስተር ሲሰሙ ጉንጫቸው ቀላ። “እሱ መናገር ጀምሯል! አሁን ትተሽ ልትሄጂ? ማጠቡ ይቅር፣ ቃል ማስተማሩስ?” አሉኝ። እሱም አይሆንም አልኩ። ለኦቦ ዲንቃ አንድ ወንድ ድሬሰር ተመደበላቸው፤ ለእኔ አዴ ጫልቱ ተሰጡኝ። አዴ ጫልቱን እጅ እየመራሁ ከአልጋቸው እስከ ውሃ ቧንቧው ብቻቸውን መሄድ አስለመድኳቸው፤ ሰኔ ላይ በእንግዶች ፊት በትራቸውን እያንኳኩ ሲሄዱ ተጨበጨበ፤ ወረቀቴን ተቀበልኩ። ኦቦ ዲንቃ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ወደ ቤታቸው በእጃቸው አመልክተው ኦቦ ተርፋ ወስደዋቸዋል። ድሬሰሩ ገላቸውን በሥርዓት ያጥብ ነበር፤ ቃል የማስተማር ጊዜ ግን አልነበረውም። ያሏቸውም ቃላት አንድ በአንድ ተመልሰው ጠፉ።

በማግስቱ ዓመት ጥር ላይ ተዳርኩና ጉቴ ገባሁ። የእኔ ቁጭት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቤቱ አንድ ነው፤ በመካከሉ የሸምበቆ ግርዶ አለ። ከግርዶው ወዲያ፣ በምድጃው አጠገብ፣ ኦቦ ዲንቃ ይተኛሉ፤ ከግርዶው ወዲህ፣ ጓዳው ውስጥ፣ እኔ እውላለሁ። የምገባውም የምወጣውም በጓሮ በር ነው። በዚያ ወረዳ ሁሉ የተኛ ሰው እንዴት እንደሚነሳ ተምራ ወረቀት የያዘች ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የተኛው ሰው ደግሞ እዚያው ነው፣ ትንፋሹ ይሰማኛል፤ አልደርስበትም።

ገለታ ትምህርት ቤት ሲውል የሚያበሏቸው ኦቦ ተርፋ ናቸው። ኦቦ ተርፋ ወንድማቸውን ይወዳሉ፤ እጃቸው ግን የገበሬ እጅ ነው፣ ሥራም ይጠብቃቸዋል። “ብላ እንጂ ወንድሜ፣ በሬዎቹ ቆመዋል” እያሉ ገንፎውን ሲያጣድፉት፣ ኦቦ ዲንቃ ትን ሲላቸው እሰማለሁ። ያን ሳል አውቀዋለሁ። ተጋድመው ነው የሚበሉት፣ በሞተው ጉንጫቸው በኩል ነው የሚያጎርሷቸው እላለሁ በልቤ። ተነስቼ እቆምና ሸምበቆውን ይዤ እቀራለሁ።

ማታ ማታ ለገለታ መንገር ጀመርኩ፤ ከዚያም እሱ ከአባቱ ጎን ሲቀመጥ እኔ ከግርዶው ጀርባ ሆኜ በሹክሹክታ፣ “ትራስ ደርብባቸው። በግራ ጉንጫቸው። እስኪውጡ ጠብቅ” እለዋለሁ። ኦቦ ተርፋ አንድ ቀን ደረሱብንና ከት ብለው ሳቁ።

“ሚስትህ በአጥር በኩል ነው እንዴ የምታክመው? የሐኪም ቤቱ መድኃኒት ሸምበቆ ያልፋል በለኛ!”

ይለፍም አይለፍ፣ ሳሉ ቀነሰ።

ክልከላውን ማንሳት የሚችሉ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ራሳቸው ኦቦ ዲንቃ። በእነሱ ቤት ልማድ አማትየው ሽማግሌ ይሰበስቡና፣ ለምራታቸው ጊደር ሰጥተው፣ “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ፊትሽን ግለጪ” ይሏታል። ከዚያ በኋላ እንደ ወለዷት ናት፤ ቀርባ ታበላለች፣ ታነሳለች፣ ትደግፋለች። ግን ከአፋቸው መውጣት አለበት፤ በምልክት አይሆንም። ይህንን ኦቦ ተርፋ ደጋግመው ተናግረዋል። ስለዚህ እኔና ገለታ ሌላው ቃል ሁሉ ይቅር፣ እነዚህን ሁለት ቃላት ብቻ እናስተምራቸው አልን። እኔ ከወዲህ የአፉን አያያዝ እነግረዋለሁ፤ እሱ ከወዲያ ያሳያቸዋል። በጋው አልቆ፣ ክረምቱ ጉቴን በጭቃ አጥሮ፣ ገለታ የሰማው “ኢን” የምትለዋን ብቻ ነበር።

መስከረም ጠብቶ አንድ የገበያ ቀን፣ ቤቱ ውስጥ ከእኔና ከእሳቸው በቀር ማንም አልነበረም። እህል እያበጠርኩ ነበር። ሰፌዱን አሳርፌ ፀጥ ባልኩበት፣ ከግርዶው ወዲያ ድምፅ መጣ።

“ኢንተላ ኮ።”

ቀስ ያለ፣ ለራሱ የሚናገር ሰው ድምፅ ነው። ትንሽ ቆይተው ደገሙት፤ “ኢንተላ ኮ።” ልጄ፤ የእኔ ልጅ። ሰፌዱን እንደታቀፍኩ አለቀስኩ። ገለታ ሲመጣ በጓሮ በር ሮጬ ወጥቼ፣ “ብለውታል! ሽማግሌ ጥራ!” አልኩት።

ለመስቀል ሰሞን ሽማግሌዎቹ ተጠሩ። ቀይ ጊደር ደጃፉ ላይ ታሰረች። አንጮቴው በአዲስ ቅቤ ተሠርቶ፣ ቤቱ በሽታው ታውዷል። እኔ የሰርጌን ልብስ ለብሼ፣ ፊቴን ሸፍኜ፣ ከግርዶው ጀርባ ቆምኩ። ሲጠሩኝ ምን እንደማደርግ ሳይቀር አስቤ ነበር፤ መጀመሪያ ትራሳቸውን አስተካክላለሁ ብዬ።

“በል እንግዲህ ወንድሜ፣” አሉ ኦቦ ተርፋ፤ ድምፃቸው ላይ ቀልድ አልነበረም። “ልጅህ ቆማ ትጠብቅሃለች።”

ውጭ ጊደሯ ገመዷን ትጎትታለች። ገለታ፣ “አባባ፣ ኢን...” ብሎ ጀመረላቸው። ምንም የለም። ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። ከዚያ የጭድ ፍራሹ ኮሽ ሲል ሰማሁ። አልታየኝም፤ ማየትም አላስፈለገኝም፤ ያን ድምፅ ረጅሙ ቤት ውስጥ ስንት ጠዋት ሰምቼዋለሁ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

“አልሆነለትም፤ አትጨቅጭቁት፣” አሉ ኦቦ ተርፋ። ሽማግሌዎቹ በሉ፣ መረቁ፣ ሄዱ። ጊደሯ ተፈትታ ወደ መንጋዋ ተመለሰች። ገለታ ጓዳ ገብቶ፣ “እውነት ሰምተሻል?” አለኝ። ሰምቻለሁ አልኩት። ቆይቶ ግን እኔም መጠራጠር ጀመርኩ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ ዝናቡ ቀንና ሌሊት ሳያባራ፣ ደረታቸው ታፍኖ አረፉ። ነጠላዬን ገለታ መዳፍ ላይ ካስቀመጡበት ሳምንት ወዲህ ፊታቸውን አላየሁትም። የሸኘሁት ሳጥኑን ነው።

ገለታ ጥሩ ባል ነበር፤ እሱም ከሞተ ቆይቷል። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ “አባባ በሕይወቱ የሠራው ትልቁ ሥራ አንቺን ማመስገኑ ነው” ይለኝ ነበር። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ወጉን ስረግም ኖርኩ። ያ ሸምበቆ ባይኖር ይናገሩ ነበር፣ ይቆሙ ነበር፣ ምናልባትም ያ ክረምት ባልወሰዳቸው ነበር እላለሁ። ሲስተር ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት ነቀምቴ ገበያ ላይ አግኝተውኝ፣ “ያ ሰው፣ ትንሽ ብቻ ቀርቶት ነበር” ብለው አንገታቸውን ሲነቀንቁ አብሬያቸው ነቀነቅኩ። በዚህ ሁሉ ዘመን “ለኪ”ን የማስታውሳት እንደ ድላችን ነበር። ለልጆቼ ሳይቀር አውርቼዋለሁ፤ የመጀመሪያዋ ቃላቸው፣ ያጨበጨብንላት ቃል።

ባለፈው ቅዳሜ ሲምቦ “አይሆንም ካለ መተው ነው” ስትል ነው ያቺ ቃል ትርጉሟን ይዛ የመጣችው። አይሆንም ነበር ያሉን። ደግመው አሉን። ተደስተን ሙቅ ውሃ አመጣን።

ከዚያ ወዲያ ያለው ምናልባት ነው፤ የሞተ ሰው አይጠየቅም። ግን ተጋድሜ ሳስበው፣ ፈረሰኛው ሰው፣ በዚያ ሁሉ አልጋ መካከል፣ በልጁ ዕድሜ ባለች ልጅ እጅ ሲገለጥና ሲከደን፣ አንደበት ሳይኖረው፣ ያቺንም ልጅ ሳያስቀይም፣ እጇን ከገላው ላይ የሚያነሳበት ምን መንገድ ነበረው? አንድ ብቻ፤ ምራቱ ማድረግ። ገለታ በሩ ላይ ባቀረቀረበት ቀን ነው ያደረጉት። በኋላ እኛ ደክመን፣ ጊደር አስረን፣ ያንን ክብር ልናነሳባቸው መጣን። ቃሉን ያውቁት ነበር። ልጄ ብለውኛል፤ ሰው በሌለበት፣ ከልባቸው። በሽማግሌ ፊት ቢሉት ግን መታጠቢያው ሳፋ ተከትሎ እንደሚመጣ አውቀዋል። ይወዱኝ እንደነበር አልጠራጠርም፤ በሁለቱም መንገድ ይወዱኝ ነበር። የሚቆጨኝ፣ እንዲህ ቀላል የሆነ ነገር ሳልሰማ ማርጀቴ ነው። ገለታም ሳይሰማው መሞቱ።

“አኮ፣ ተኛሽ እንዴ? ግራ እጅሽን እያንቀሳቀስሽ ነው፤ እሱ አይሠራም እኮ፣” አለችኝ ሲምቦ።

“እስቲ ያንን ወረቀትሽን እይልኝ፣” አልኳት። “ሰውየው መናገር የማይችል ከሆነስ ምን ይላል?”

ገለጥ ገለጥ አደረገች። “ፊቱን ይመልከቱ ይላል።”

“ፊቱን ወደ ግድግዳ ካዞረስ?”

ሲምቦ እንደገና ወረቀቷን ፈለገች፤ እዚያ ላይ አላገኘችውም መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብላ፣ ይህም ጥያቄ ሆኖ ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን አየችኝ።

“እሱማ መለሰ ማለት ነው፣ አኮ።”